ሙት ዓመት ፈቃድ አይጠየቅበትም

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ በየስልኩ ሲዞር ሰነበተ። ለእኔም ሦስት ሰዎች ላኩልኝ። አንዱ የልብ ጓደኛዬ ነው፤ «አንብበው፣ ሰውዬው እውነቱን ነው» የሚል መልእክት ጨምሮበታል። ጽሑፉ አርመኖች በኦቶማን መንግሥት፣ በያኔዋ ቱርክ ማለት ነው፣ ስላለቁበትና በየዓመቱ ሚያዝያ 16 ቀን ስለሚያስቡት የ1915ቱ እልቂት ነው። መልእክቱ ባንድ ቃል ሲጠቀለል «ይበቃል» ነው። (ዓመተ ምሕረቱን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ የእኛን ስጠቀም እናገራለሁ።)

ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ጸሐፊው አይሳደቡም። አርመኖችን የሚጠሉም አይመስሉም። አማርኛቸውም ያምራል። ዝም ብዬ ማለፍ ያቃተኝም ለዚህ ነው። በስድብ የተጻፈ ቢሆን ኖሮ ሦስት ሰው አይልክልኝም ነበር።

የሚሉት ባጭሩ ይህ ነው። ጊዜው የዓለም ጦርነት ነበር፤ ቱርኩም ኩርዱም አርመኑም አልቋል፤ የአንዱን ሙት ለይቶ ማልቀስ አድልዎ ነው። «የዘር ማጥፋት» የሚለው ቃል የመጣው በ1944 ስለሆነ ለ1915 አይሠራም፤ የሟቾቹም ቁጥር ያከራክራል። በየዓመቱ ማሰብ ቂም ያድሳል። የየአገሩ ፓርላማ እውቅና የሚሰጠው ለፖለቲካ ነው። ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ደግሞ ጉዳዩ ምናችንም አይደለም። መዝጊያቸው ላይ ጥያቄ አላቸው፦ መቶ ዓመት አልፎታል፣ ይህ ለቅሶ መቼ ነው የሚያበቃው?

በተራ ልመልስ። የማምንላቸውንም አልደብቅም።

«ጦርነት ነበር» ለሚለው

አዎ፣ ነበር። የሞተውም ብዙ ነው። በ1914 መጨረሻና በ1915 መጀመሪያ ሳሪካሚሽ ላይ በአስር ሺዎች የሚቆጠር የኦቶማን ወታደር አልቋል፤ ብዙው በብርድ ነው የሞተው። ከዚያ ቀደም ብሎ በባልካን ጦርነት ስንትና ስንት ሙስሊም ከመንደሩ ተነቅሏል። በ1915 ጸደይ ቫን ከተማ ውስጥ አርመኖች ጠመንጃ አንስተዋል። ከሩሲያ ጎን የተሰለፉ አርመኖችም ነበሩ። ይህ ሁሉ እውነት ነው።

አሁን ካርታውን እንዘርጋው። ቫን ምሥራቅ ጫፍ ላይ ነው። ቡርሳና ኢዝሚት ምዕራብ ናቸው፣ ለዋና ከተማው ለቁስጥንጥንያ ቅርብ። አንካራ መሃል አገር ነው። የሩሲያ ግንባር ከቡርሳ ከሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። ግን የቡርሳም፣ የኢዝሚትም፣ የአንካራም አርመን ተነቅሎ ወደ ሶርያ ተነድቷል። ዳቦ ጋጋሪው፣ ልብስ ሰፊው፣ የልጆች አስተማሪው፣ ሕፃን ያዘለችው እናት። የቡርሳ ሕፃን ቫን ላይ አልተኮሰም።

ሌላም አለ። አርመናዊ ወጣቶች በኦቶማን ጦር ውስጥ ዘምተው ነበር። ለዚያው መንግሥት ሊሞቱ ማለት ነው። በ1915 መጀመሪያ ትጥቃቸውን ፈቱ ተባሉ። መንገድ ጠራጊና ሸክም ተሸካሚ ተደረጉ። ከዚያ በቡድን በቡድን ተገደሉ። ወታደርን ትጥቅ አስፈትቶ መግደል ምን ዓይነት ውጊያ ነው?

ከዚያ ሚያዝያ 16 መጣ። በዚያች ሌሊት ቁስጥንጥንያ ውስጥ ከሁለት መቶ በላይ አርመኖች ከየቤታቸው ተለቀሙ። ጸሐፊ፣ ሐኪም፣ ጠበቃ፣ ቄስ፣ ጋዜጠኛ። ከመሃላቸው ኮሚታስ የሚባል መነኩሴ ነበር። የዚህ ሰው ሥራ በየገጠሩ እየዞረ የገበሬውን ዘፈን በኖታ መጻፍ ነበር። የእርሻውን፣ የሰርጉን፣ እናት ልጇን የምታስተኛበትን። ቻንክሪ ወደሚባል ቦታ ወሰዱት። በሰው አማላጅነት ተለቀቀ። ሰውነቱ ተመለሰ፣ አእምሮው ግን አልተመለሰም። ሃያ ዓመት ኖሮ በ1935 ፓሪስ ውስጥ በአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ሞተ። አብሮት የተያዘው ገጣሚ ዳኒኤል ቫሩጃን ደግሞ ጭራሽ አልተመለሰም። በዚያው ክረምት ተገደለ። 31 ዓመቱ ነበር።

በግንቦት መጨረሻ የማፈናቀያው ሕግ ወጣ። አካሄዱ በየከተማው ይመሳሰላል። አዋጅ ይነገራል። ወንዶቹ ተለይተው ከከተማ ወጣ ተደርገው ይገደላሉ። ሴቶች፣ ልጆችና ሽማግሌዎች በእግር ይነዳሉ። የብዙዎቹ መጨረሻ ደይር ኤዞር ነው፣ የሶርያ በረሃ። የቀረው በውሃ ጥም፣ በረሃብ፣ በተስቦና በስለት ነው። የአሜሪካው አምባሳደር ሄንሪ ሞርገንታው በሐምሌ 1915 ለመንግሥታቸው ቴሌግራም ሲልኩ፣ አመፅ መበቀል የሚል ሰበብ ተይዞ ዘር የማጥፋት ዘመቻ እየተካሄደ ነው ብለዋል። አሜሪካ ያኔ ጦርነቱ ውስጥ አልገባችም። የቱርክ አጋር የነበረችው የጀርመን ቆንስሎችም ያዩትን ለበርሊን ጽፈዋል።

«ለይቶ ማልቀስ» የሚለው ቃል ደግሞ አሳዝኖኛል። በአንድ ሰፈር በአንድ ቀን ሁለት ድንኳን ይተከላል። አንደኛው ጋ የሚያለቅሰው ሌላኛውን ንቆ ነው አንልም። በዚያው ዓመት በኦቶማን ግዛት የነበሩ የአሦርና የሶርያ ቤተ ክርስቲያን ምእመናንም አልቀዋል፤ እነሱ ያንን ዘመን «ሰይፎ» ብለው ይጠሩታል። ሰይፍ ማለት ነው፤ ለእኛ ጆሮ መተርጎምም አያስፈልገውም። የእነሱ ለቅሶ የአርመኖቹን አልቀነሰም፤ የአርመኖቹም የእነሱን።

ስለ ቃሉና ስለ ቁጥሩ

ቃሉ የ1944 ነው፣ ልክ ብለዋል። ራፋኤል ለምኪን የሚባለው ፖላንዳዊ አይሁዳዊ የሕግ ሰው ነው ያወጣው። ግን አንድ ነገር ልብ እንበል። ቃሉ ታትሞ ሲወጣ ናዚዎች ከፈጇቸው አይሁዶች አብዛኞቹ አልቀው ነበር። በጸሐፊው ስሌት ከሄድን ያም የዘር ማጥፋት አይባልም። እሳቸው እንዲህ እንደማይሉ እርግጠኛ ነኝ። በአገራችን ወንድ ልጅ በአርባ ቀኑ፣ ሴት ልጅ በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ይነሣሉ። ስም ከመውጣቱ በፊት ልጁ አልተወለደም የሚል የለም።

ለምኪንን ወደዚህ ሐሳብ የመራውም የአርመኖቹ ጉዳይ ነው፤ ራሱ ተናግሮታል። በ1921 ሶጎሞን ተህሊሪያን የሚባል አርመናዊ ወጣት የእልቂቱን መሪ ታላት ፓሻን በርሊን መንገድ ላይ ተኩሶ ገደለው። ፍርድ ቤት ቀርቦ ነፃ ወጣ። ለምኪን ያኔ ተማሪ ነበር። አንድ ሰው አንድ ሰው ሲገድል ይከሰሳል፤ ሕዝብ ያስጨረሰውስ ለምን የሚከስሰው ጠፋ ብሎ ጠየቀ። ቃሉ ከዚያ ጥያቄ ነው የተወለደው።

«ፍርዱን ለታሪክ ሰዎች እንተወው» ይላሉ ጸሐፊው። የታሪክ ሰዎች ከመናገራቸው በፊት የተናገረ ግን አለ። ራሱ የኦቶማን መንግሥት ነው። በ1919 ቁስጥንጥንያ የተሰየመው የጦር ፍርድ ቤት የጦርነቱን ዘመን መሪዎች ታላትን፣ ኤንቨርንና ጀማልን በሌሉበት ሞት ፈረደባቸው። የቦጋዝልያን አስተዳዳሪ የነበረው ከማል ተሰቀለ። እርግጥ ከተማዋ ያኔ በእንግሊዝና በፈረንሳይ እጅ ነበረች፤ ይህ በፍርዱ ላይ ጥላ ያጠላል፤ ይህንንም አምናለሁ። የቀረቡት ቴሌግራሞችና የምስክርነት ቃሎች ግን ከኦቶማን ሹሞች የመጡ ናቸው። የራስ ሹም በራስ ፍርድ ቤት ቆሞ የተናገረውን የጠላት ወሬ ማለት ይከብዳል።

ቁጥሩ ላይ እስማማለሁ። ከ600 ሺህ እስከ 1.5 ሚሊዮን ይባላል፤ ሰፊ ልዩነት ነው። ሂትለር «ዛሬ አርመኖችን ማን ያስታውሳል» ብሏል የሚባለውም ምንጩ ያጠራጥራል ብለው ጽፈዋል። እውነታቸውን ነው፤ ባለሙያዎች ይከራከሩበታል። አውጥተን እንጣለው። ምንም አይጎድልብንም። የትንሹን ቁጥር ብንወስድ እንኳ 600 ሺህ ሰው ነው የምናወራው።

ማሰብ ቂም ያድሳል ወይ?

ይኼኛው ላይ ረዘም ላድርግ፤ የጽሑፋቸው ጉልበት እዚህ ላይ ነው። ብዙ ሰውን ያሳመነውም ይኼ ይመስለኛል። ጓደኛዬንም ጭምር።

መጀመሪያ የሚታመነውን ልመን። በ1970ዎቹና በ80ዎቹ አርመናዊ ታጣቂዎች የቱርክ ዲፕሎማቶችን በየአገሩ ገድለዋል። በ1983 ፓሪስ ኦርሊ አውሮፕላን ማረፊያ ባፈነዱት ቦምብ ስምንት መንገደኞች ሞተዋል። በ1992 ኸጃሊ ላይ በመቶዎች የሚቆጠሩ አዘርባጃናውያን ሲቪሎች በአርመን ኃይሎች ተገድለዋል። የእነዚህም እናቶች አልቅሰዋል። የ1915ቱ ሙታን ለዚህ ሽፋን መሆን የለባቸውም። አንድም ቀን።

ግን ጸሐፊው ቅደም ተከተሉን አዟዙረውታል። ከ1915 በኋላ ሃምሳ ዓመት ያህል በአደባባይ የታሰበ ነገር አልነበረም። በሶቪየት አርመንያ እንኳ በግልጽ ማልቀስ አይቻልም ነበር። አያቶች በየጓዳው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነው የነገሩት። በ1965 ሃምሳኛው ዓመት ሲደርስ የዋና ከተማዋ የየሬቫን ሕዝብ ሳይፈቀድለት አደባባይ ወጣ። መንግሥት ደነገጠ። ከሁለት ዓመት በኋላ ጺጸርናካበርድ በሚባለው ኮረብታ ላይ መታሰቢያው ተመረቀ። 44 ሜትር የሚረዝም ሐውልት አለው። አጠገቡ አሥራ ሁለት ግዙፍ ድንጋዮች ክብ ሠርተው ወደ ውስጥ አጎንብሰዋል። መሃል ላይ እሳት ይነዳል። ወደ እሳቱ የሚያስገባው ደረጃ ቁልቁል ነው፤ ዓይንህን ከእግርህ ላይ ካላደረግህ ትወድቃለህ። ሹም ሆነ ተራ ሰው አንገቱን ደፍቶ ነው የሚገባው። ቦታው ላይ ጠመንጃ የያዘ ጀግና የለም። ሰይፍም አልተቀረጸም።

አርመኖች ሲያስቡ ምን እንደሚያወሩም እንስማ። ከሚወዷቸው ታሪኮች አንዱ የመጽሐፍ ታሪክ ነው። ከ1200 ዓመተ ምሕረት ጀምሮ የተጻፈ ትልቅ የብራና መጽሐፍ ሙሽ በሚባል አገር ገዳም ውስጥ ነበረ። 28 ኪሎ ይመዝናል። በእልቂቱ ጊዜ ሁለት ሴቶች ከፈረሰው ገዳም አገኙት ይባላል። አንድ ሰው አይሸከመውም። ለሁለት ከፈሉትና ግማሽ ግማሹን ታቅፈው ሸሹ። አንዷ ደረሰች። ሌላዋ ኤርዙሩም ላይ ድርሻዋን ቀበረችው። በኋላ ከተቀበረበት ተገኘ። ዛሬ ሁለቱ ግማሾች የሬቫን ውስጥ ማቴናዳራን በሚባለው የብራና ቤት አብረው ተቀምጠዋል። ታቦትና ብራና ይዘው የሸሹ ካህናትን ወሬ እየሰማ ያደገ ሰው ይህን ሲሰማ ምን ይሰማዋል? ቂም ነው?

ጀላል በይ የሚባለውን የኦቶማን አገረ ገዥም ያነሳሉ። መጀመሪያ የሐለብ፣ ኋላም የኮንያ ገዥ ነበር። አርመኖቹን አላስነዳም ብሎ እስከቻለ ተከላከለ፤ በመጨረሻ ከሹመቱ ተነሳ። ወላጅ አልባ ልጆችን ያሳደጉ የዐረብ ቤተሰቦችም ይነሳሉ። ታሪኩ ከተቀበረ የእነዚህ ደጎችም ስም አብሮ ይቀበራል።

አሁን ወደ ኢስታንቡል፣ ወደ ቀድሞዋ ቁስጥንጥንያ ልውሰዳችሁ። በፈረንጅ ጃንዋሪ 19 ቀን 2007። ህራንት ዲንክ የሚባል የቱርክ አገር አርመናዊ የአጎስ ጋዜጣ አዘጋጅ ነበር። ጋዜጣው በቱርክኛና በአርመንኛ ይታተማል። ዲንክ የተናደደ ሰው አልነበረም። ቱርኮችና አርመኖች ተቀራርበው እንዲነጋገሩ ነበር የሚጽፈው፤ አርመኖችንም ጥላቻችሁን ተዉት ይላቸው ነበር። ስለጻፈው ግን ቱርክነትን ሰድበሃል ተብሎ ተፈረደበት። ያን ቀን ከቢሮው ደጃፍ አንድ የ17 ዓመት ልጅ ከኋላው ተኩሶ ገደለው። የዚያን ቀን ፎቶ ያየ ሰው አይረሳውም። በነጭ ጨርቅ የተሸፈነ ሰው በግንባሩ ተደፍቷል። እግሮቹ ከጨርቁ ወጥተዋል። የአንዱ ጫማ ሶል ተበስቷል።

ቂም ይዞ የመጣው ማን ነው? በአደባባይ እናስብ ያለው ነው ወይስ ዝም በል ያለው?

በቀብሩ ቀን መቶ ሺህ ያህል ሰው ወጣ። ብዙዎቹ ቱርኮች ናቸው። «ሁላችንም ህራንት ዲንክ ነን፣ ሁላችንም አርመን ነን» የሚል ጽሑፍ ይዘው ነበር። ከ2010 ጀምሮ ደግሞ ሚያዝያ 16 ቀን ኢስታንቡል ውስጥ ቱርኮች ራሳቸው የእነዚያን የተለቀሙ ሰዎች ፎቶ ይዘው መቀመጥ ጀመሩ። በኋላ መንግሥት ከለከላቸው እንጂ ሰዎቹ አልተጣሉም። ሐዘን ላይ የተገናኘ ሰው ይታረቃል። ይህን እኛ መማር የለብንም፤ ስንት ደም የተቃባ ቤተሰብ ለቅሶ ቤት ተገናኝቶ እንደታረቀ እናውቃለን።

ስለ ፓርላማዎቹ

እዚህ ላይ ክርክር የለኝም ማለት ይቻላል። የአሜሪካ ምክር ቤት በጥቅምት 2019 ድምፅ የሰጠው ቱርክ ሶርያ ውስጥ ዘመቻ ከጀመረች በኋላ ነው። አጋጣሚ አይመስልም። ፈረንሳይ በ2012 የሚክደውን ለማሰር ሕግ አወጣች፤ የራሷ የሕገ መንግሥት ምክር ቤት ሻረው። ደግ አደረገ እላለሁ። ለቅሶ በእስር ቤት አይጠበቅም።

ግን ተቃራኒውንም እንይ። የአሜሪካ ፕሬዚዳንቶች ለአሥርት ዓመታት «የዘር ማጥፋት» የምትለዋን ቃል ሳይናገሩ የቆዩት ማስረጃ አጥተው አይደለም። የአምባሳደራቸው ቴሌግራም መዝገብ ቤታቸው ነው ያለው። ዝም ያሉት ቱርክ የጦር ቃል ኪዳን አጋራቸው ስለሆነች ነው። ፖለቲካው መናገሩ ውስጥ ብቻ አይደለም፣ ዝምታውም ውስጥ አለ። ደግሞም ኡራጓይ በ1965 ከማንም ቀድማ እውቅና ስትሰጥ ከቱርክ ጋር ምን የምትካፈለው ድንበር ነበራት?

«ምን አገባን?»

ልጅ ሳለሁ ሰፈራችን ውስጥ አንዲት አርመናዊት አሮጊት ነበሩ። ሲቆጡ በአማርኛ፣ ሲመርቁም በአማርኛ። በየዓመቱ ሚያዝያ ውስጥ አንድ ቀን በራቸውን ገርበብ አድርገው ይውላሉ። የዚያን ቀን እናቴ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ትንሽ ቆሎ ቋጥራ ትሄድና ከእሳቸው ጋር ቁጭ ብላ ትመጣለች። «ምን ሆነው ነው?» ብዬ ጠየቅኋት። «ለቅሶ አለባቸው» አለችኝ። ማን እንደሞተ አታውቅም። መቼ እንደሞተም አልጠየቀችም። ጽሑፋቸውን ሳነብ ያቺ ዘቅዛቃ ነጠላ ነች ዓይኔ ላይ የመጣችው።

የሚያገባን ግን በጉርብትና ብቻ አይደለም። በ1916 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ወደ አውሮፓ ሲጓዙ ኢየሩሳሌም ገቡ። እዚያ በአርመኖች ገዳም ከእልቂቱ የተረፉ ወላጅ አልባ ልጆች የሙዚቃ ጓድ ነበራቸው። ራስ ተፈሪ ሰሟቸው። አርባውን ልጆች ከአርመኑ ፓትርያርክ ጠይቀው ወደ አዲስ አበባ አመጧቸው። «አርባ ልጆች» የሚለው ስም ከዚያ ቀረ። አሠልጣኛቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን ነበር። «ኢትዮጵያ ሆይ ደስ ይበልሽ» የሚለውን መዝሙር ዜማ የደረሰው እሱ ነው፤ ግጥሙ የዮፍታሔ ንጉሤ ነው። ንጉሡ ሲነግሡ የተዘመረው፣ እናት አባቶቻችን በየትምህርት ቤቱ ቆመው የዘመሩት ያ ዜማ ነው። የወንድሙ ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያን በዚያው በ1915 አይንታብ ተወልዶ፣ ሐለብ አድጎ፣ አዲስ አበባ መጥቶ ስንቱን ሙዚቀኛ አስተማረ። ምናችን ናቸው ለሚል ሰው ከዚህ የተሻለ መልስ የለኝም።

ሌላም አለ። የዘር ማጥፋትን የሚከለክለውን የተባበሩት መንግሥታት ስምምነት ከዓለም አገሮች ሁሉ ቀድማ ያጸደቀችው ኢትዮጵያ ናት። ሰኔ 24 ቀን 1941 ዓ.ም.፣ በእኛ። ያ መንግሥት ከየካቲት 12 ጭፍጨፋ ገና አሥራ ሁለት ዓመት ነበር የራቀው። ምን እንደሚፈርም ያውቅ ነበር። እኛም እናውቃለን። በ2012 ከሮም አቅራቢያ አፊሌ በሚባል ከተማ በሕዝብ ገንዘብ ለግራዚያኒ መታሰቢያ ሲሠራ በየአገሩ ያለ ኢትዮጵያዊ ሰልፍ ወጣ። ያኔ 75 ዓመት አልፎ ነበር። «ይበቃል» ቢለን ማንን እንሰማ ነበር?

መቼ ያበቃል?

ይህን ጥያቄ አልንቀውም። ቅን ጥያቄ ነው። መልሱም አለ፤ አርመኖቹ ራሳቸው መልሰውታል።

የአርመን ቤተ ክርስቲያን የእኛ እኅት ናት፤ ሥርዓቱ አይከብደንም። መቶ ዓመት ሙሉ ካህናቷ ስለ 1915ቱ ሙታን ነፍስ ሲጸልዩ ኖሩ። እኛ ፍትሐት እንደምንለው። በ2015፣ በመቶኛው ዓመት ዋዜማ፣ ኤጭሚያድዚን በሚገኘው መንበራቸው ጉባኤ ተደርጎ ሙታኑ ቅዱሳን ሰማዕታት ተብለው ታወጁ። ማታ 19፡15 ሰዓት ላይ ደወሎች መቶ ጊዜ ተደወሉ፤ በሌሎች አገሮች ያሉ አብያተ ክርስቲያናትም አብረው ደወሉ። ለሰማዕት ፍትሐት አይደረግም። ከዚያ ማታ ጀምሮ ካህኑ ስለ ሙታኑ አይጸልይም፤ እነሱን ስለ እኛ ጸልዩልን ይላል።

ፍትሐቱ እንግዲህ ያን ማታ አብቅቷል። ሙት ዓመቱ ግን አለ። ሚያዝያ 16 ጠዋት ከየሬቫን ሰዉ አበባ ይዞ በእግሩ ወደ ኮረብታው ይወጣል። ደረጃውን አንገቱን ደፍቶ ይወርዳል። አበባውን እሳቱ ዙሪያ ያስቀምጣል። ከሰዓት በኋላ ክምሩ ከሕፃን ቁመት ይበልጣል፤ ልጆቹን አባቶቻቸው ትከሻቸው ላይ አድርገው ነው የሚያስቀምጡት።